አማን ላይ ፊደል ስቆጥር

የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን በገባሁ በማግስቱ እዚያ ለዓመታት የሠራች የሰፈሬ ልጅ ደወለችልኝ። «ባርኪንጉ ጋ ጠብቀኝ ወንድሜ፣ መጣሁ» ብላ ዘጋችው። ባርኪንግ የሚባል ሰፈር ያለ መሰለኝ። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ለካ እዚያው ቆሜያለሁ። ከራሴ በላይ በትልልቁ፣ በእንግሊዝኛ «ፓርኪንግ» ተብሎ ተጽፏል።

አረብኛ «ፐ» የለውም። ፔፕሲ እንኳ «ቢብሲ» ነው። እኛም «ፐ»ን ፊደል ገበታችን ላይ ይዘን ፖሊስን «ቦሊስ» የሚሉ አያቶች አሉን። ስለዚህ ብዙም አልሳቅሁም።

ባላድ በሚሉት አሮጌው መሀል ከተማ፣ ከሑሴይኒ መስጊድ አካባቢ ተነስተን በእግር ዞርን። ታፔላው ሁሉ እንግሊዝኛ ጣል ተደርጎበታል። ልብስ ቤቱ «ሌዲ»፣ ስልክ ጠጋኙ «ስማርት»። ፀጉር ቤቱ «ሳሎን» ለማለት አንድ «ኦ» ጨምሮ በካውቦይ ፊልም ሽጉጥ የሚማዘዙበትን መጠጥ ቤት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፤ ምንም ባዞራቸው አልገጣጠም አሉኝ። በር ላይ የቆመውን ፀጉር አስተካካይ በልጅቷ በኩል ምን ማለት እንደሆነ አስጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየውና «ሂሉ፣ አይደል?» አለ። ያምራል አይደል ማለቱ ነው።

«ማን ያነበዋል ብለህ ነው» አለችኝ ስንሄድ። «እዚህ ሱቅ የሚታወቀው በባለቤቱ ነው። አቡ እገሌ ጋ ይባላል፣ አለቀ።»

እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በላቲን የተጻፈው እንግሊዝኛ ለዓይን ነው። በአረብኛ ፊደል የተጻፈው እንግሊዝኛ ግን አስተማሪ ነው! ፍራፍሬ የተደረደረበት ሱቅ ላይ ያለው ጽሑፍ «ሱፐር ማርኬት» መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ከቀኝ ጀምሬ ለቀምኩት፦ ስ፣ ው፣ ብ፣ ር። አንድ ነጥብ ከሥር ያለው «ብ» ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «ኮፊ ሾብ»፣ ቀጥሎ «ድራይ ክሊን»። አናባቢው አንዳንዴ ይጻፋል፣ አንዳንዴ አንባቢው ይጨርሰው ተብሎ ይተዋል። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ያናድዳል።

ሬይንቦ መንገድ ስንደርስ እዚያም ያው ነው። የመንገዱ ሕጋዊ ስም አቡ በክር አስ-ሲዲቅ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን እዚያው በነበረው ሬይንቦ ሲኒማ ስም ነው። ቀስተ ደመና በአረብኛ «ቀውስ ቁዘሕ» ይባላል። «ቀውስ»ና የኛ «ቀስት» ዘመዳሞች ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ስም እያላቸው «ሬይንቦ» ማለታቸው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያስቆጫል። (አዲስ አበባ ውስጥ «ገበያ» የሚለውን ቃል ትተን ስንት «ሞል» እንደከፈትን ትዝ ሲለኝ ግን ዝም አልኩ።)

ዮርዳኖስ በፈረንጆቹ 2015 አረብኛን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች፤ ቁጥሩ 35 ነው። ታፔላም ይመለከታል። ባለሱቆቹ ግን መላ ያገኙለት ይመስለኛል፤ ፊደሉን ለሕጉ፣ ቃሉን ለውበቱ።

አመሻሽ ላይ በራሴ ተማምኜ ነበር። አንድ ሰፊ ሱቅ ፊት ቆምኩና ጮክ ብዬ ለቀምኩ፦ ም፣ ሕ፣ ም፣ ስ። ሁሉንም ፊደል አውቄዋለሁ። ትርጉሙ ግን እምቢ አለ። እንግሊዝኛ አልነበረማ! ልጅቷ ሳቋ አላናግር አላት። ያዳነኝ አፍንጫዬ ነው፤ ከውስጥ ሄል የገባበት ቡናና ትኩስ የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ገብተን ሩብ ኪሎ ገዛን።