በርሜሉ ሙሉ ነበር

እናቴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስታ ትጸልያለች። የእኔ ስም ሲደርስ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ከድንገተኛ ሰውረው»። ልጅ ሆኜ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማት ነበር። ስሙ ይመስገን፣ ልመስክር።

ሥራዬ ቆርቆሮ መምታት ነው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አዳማ አንድ ጅምር ቤት ጣሪያ ላይ ነበርኩ። የአዳማን የሚያዝያ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። ከላይ እሷ፣ ከታች የጋለ ቆርቆሮ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ውሃም አልቀመስኩም። (የንስሐ አባቴ በኋላ ሲሰሙ ተቆጡኝ፦ «ራስህን ግደል ማን አለህ?»)

ስድስት ሰዓት ገደማ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ ጓደኞቼ ናቸው። መዶሻውን ጥዬ ቆርቆሮውን በመዳፌ እመታ ነበር አሉ። ረዳቴን በሟች አባቴ ስም ጠራሁት። አውርደውኝ ስወራጭ አንዱ «ለክፎታል፣ ጠበል እንውሰደው» አለ። ሌላው ፓራሲታሞል ሊገዛ ሮጠ።

ከአዳር ሥራ ተመልሳ የተኛች ጎረቤት ነርስ በጩኸቱ ነቅታ መጣች። ግንባሬን ነካ አድርጋ «ሙቀት ነው! ውሃ አምጡ!» አለች። ለሲሚንቶ ማቡኪያ ውሃ የምናስቀምጥበት በርሜል እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ልብሴን አውልቀው በጆግ ደፉብኝ፣ በካርቶን አራገቡልኝ። «መጀመሪያ እናቀዝቅዘው፣ ባጃጁ ይደርሳል» ትል ነበር አሉ። ያ ሁሉ ውሃ ተደፍቶብኝ እንኳ ሆስፒታል ስለካ 40.3 ነበርኩ።

በኋላ አስረዳችኝ። አንጎል ሙቀቱን የሚያወጣለት ደም ነው። ሥሩ ያለች ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል ሙቀት ሲበዛ ደሙን ወደ ቆዳ ትልካለች፣ ላብም ታዛለች። ላቡ ሲተን ቆዳ ላይ ያለው ደም ይበርዳል፤ እሱ ተመልሶ አንጎልን ያቀዘቅዛል። ሰውነት ውሃ ካጣ ግን ላብ ከየት ይምጣ? 40 ሲታለፍ አዛዡ አንጎል ራሱ ይዘባርቃል። ፓራሲታሞል የሚሠራው ሃይፖታላመስ ራሷ ሙቀቱን ከፍ ስታደርግ፣ ማለትም ለትኩሳት ነው። የእኔ ግን የፀሐይና የሥራ ነበር፤ ምንም አይፈይድልኝም ነበር።

ሲሻለኝ ዘበኛውን ላመሰግን ሄድኩ። ውሃ ከሰፈሩ ሦስት ቀን ጠፍታ ነበር። ከዋዜማው ማታ ስንወጣ ደግሞ በርሜሉ ባዶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ መቼ ሞሉት?»

«ሌሊት ነዋ። ቧንቧው ሲያፏጭ ነቃሁ። ሰዓቴን ሳይ ስምንት ይላል።»