ጥር 11፣ ዶሊ ፓርተን እና እናቴ

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ከጃን ሜዳ እስከ ጎንደር፣ ከኢራንቡቲ እስከ ዳላስና ዋሽንግተን፣ ታቦት ስታጅቡ ውላችሁ እግራችሁ የዛለ ሁሉ በረከቱ ይድረሳችሁ። እዚህ ናሽቪል ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛም ነጠላውን ካፖርት ላይ ደርበን እልል እንላለን።

ይህች ከተማ ዛሬ የዶሊ ፓርተንንም ልደት ታስባለች። የተወለደችው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19፣ 1946 ነው። በእኛ ጥር 11፣ 1938፣ ልክ በጥምቀት ዕለት ማለት ነው። ካንትሪ ሙዚቃ ባትሰሙም ታውቋታላችሁ። ዊትኒ ሂውስተን በፈረንጆቹ 1992 ዓለምን ያስለቀሰችበትን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ን የጻፈችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ሥራ አስኪያጁ የዘፈኑን መብት ግማሽ ጠይቋት ነበር። ኤልቪስን እየወደደችው፣ እያለቀሰች፣ እምቢ አለች። ይህን ጽናቷን ሁሌም አደንቃለሁ።

ዶሊ ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። በቴነሲ ተራሮች፣ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ተወለደች። ላዋለዳት ሐኪም አባቷ የከፈለው አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው። እናቷ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ካፖርት ስትሰፋላት የዮሴፍን የኅብር ቀሚስ ታሪክ እያወራችላት ነበር። ትምህርት ቤት ለብሳው ስትሄድ ልጆቹ ሳቁባት። እሷ ግን በፈረንጆቹ 1971 ዘፈን አደረገችው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን ላደግነው ያ ካፖርት ይገባናል።

እኔን የሚነካኝ ግን የአባቷ ነገር ነው። ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። ዶሊ ይህን አልደበቀችም። በእሳቸው ምክንያት በፈረንጆቹ 1995 በተወለደችበት አውራጃ ለሕፃናት መጽሐፍ በነፃ በፖስታ መላክ ጀመረች። ሕፃኑ ከተወለደ አምስት ዓመት እስኪሞላው በየወሩ አንድ መጽሐፍ ይደርሰዋል። ወላጅ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ አይጠየቅም። ዛሬ ሥራው አምስት አገሮች ደርሶ ከ200 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ታድለዋል። አባቷ በፈረንጆቹ 2000 ከመሞታቸው በፊት ልጆች «የመጽሐፏ እመቤት» ብለው ሲጠሯት ሰምተዋል። ከዘፈኗ ሁሉ በዚህ ይኮሩ ነበር ትላለች።

እናቴ ልታርሰኝ ከጎጃም የመጣች ጊዜ ያ መጽሐፍ በልጄ ስም ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ይገባ ነበር። «ለዚች ሚጢጢ ደግሞ ደብዳቤ ይላክላታል?» ብላ ተገረመች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እሷ ጀርባዋ ላይ ልጅ፣ ፊቷ ላይ የምድጃ ጭስ ነበረባት። ግን መጽሐፉን ገልጣ ሥዕሉን እያየች የራሷን ተረት ታወራላታለች። ጥንቸሉ በቢቸና ገበያ ሲያልፍ፣ ባቡሩ ዓባይን ሲሻገር፣ ልጄ በሳቅ ትፈርሳለች። የላኪዋን ታሪክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «አባቷን አስነበበችው በይኛ! እግዜር ይስጣት» አለች።

እማዬ ባለፈው ሐምሌ ዐረፈች። ያለ እሷ የመጀመሪያው ጥምቀቴ ነው። በከተራ ማታ የምትደውልልኝ እሷ ነበረች።

ስለዚህ የዛሬው ምስጋናዬ ለእናንተ ነው። በመጨረሻዋ ወራት ከአጠገቧ ላልተለየችው ታላቅ እህቴ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። መርዶውን በሰማሁ ሌሊት ሻንጣዬን ላዘጋጀችልኝ፣ ልጄን ወስዳ ላሳደረችልኝ ጓደኛዬ፣ ውለታሽን አልረሳም። እንጀራና ቡና ይዛችሁ ቤቴን የሞላችሁት የሰንበቴ እናቶች፣ ክፉ አይንካችሁ። በብርዱም በሙቀቱም ያንን መጽሐፍ በራችን ላይ ስታደርስ የኖርከው ፖስተኛችን፣ ይህን ባታነበውም አመሰግንሃለሁ። ዶሊዬ፣ እንኳን ተወለድሽ!

እናታችሁ ወይም አባታችሁ በአውራ ጣት የሚፈርሙ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ደውሉላቸው። እናንተን ፊደል ያስቆጠረው የእነሱ ላብ መሆኑን ንገሯቸው፤ ይስሙት።

ልጄ አምስት ዓመት ስለሞላት መጽሐፉ መምጣቱን አቁሟል። እናቴ በተወለደችበት ቀበሌ ላለው ትምህርት ቤት የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት እየሰበሰብኩ ነው። ልጆቻችሁ ያደጉባቸው ካሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የአገር ቤት ሰዎችም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የማጓጓዣውን እኔ እከፍላለሁ።

መልካም በዓል!