ባንዱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ

ሦስት ሙዚቀኞችን ከእንጀራቸው ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። እኔና አንድ ያማሃ ኦርጋን።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ሆነን እንሠራ ነበር፤ ኦርጋን፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ሳክስፎንና ድምፃዊት። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሽልማቱ ግን ደህና ነበር። በ2008 ዕዳ ገብቼ ምቱን ራሱ የሚመታ ኦርጋን ገዛሁ። ችክችካው ውስጡ አለ፣ ቤዙን በግራ እጄ እሞላለሁ፣ ሳክስፎኑ በአንድ ቁልፍ ይመጣል። ባለቤቱ ሁለት ሳምንት አየኝና "አንተና እሷ ከበቃችሁ፣ ሌላውን ምን ልሁን ብዬ እከፍላለሁ?" አለኝ። ደሞዜን በእጥፍ ጨመረልኝ። እሺ አልኩ። ሳክስፎኒስቱ አዲስ አበባ ገባ፣ ቤዚስቱ ሱቅ ከፈተ፣ ድራመሩ ባጃጅ ያዘ። ድራመሩ ለአንድ ዓመት ያህል ሰላም አላለኝም። እውነቱን ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ሆቴሉ ላፕቶፕ ያለው ዲጄ ቀጠረ። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ፤ ኅዳር ማብቂያ ላይ ከተማው ተለቆ ስመለስ ኦርጋኑ የለም። በ2015 ክረምት ደግሞ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ሰዓት እላፊ መጣ። ሙዚቀኛ የሚበላው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ሌሊቱን ከወሰዱብህ ምን ቀረህ?

ቀን ቀረ። ይህ የገባኝ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ኮምቦልቻ የተዳረች የአጎቴ ልጅ መልስ ላይ ነው። ዲጄው ድንኳኑን በድምፅ ሞልቶታል፣ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ምሳ ላይ ሲያጠፋው አንድ የሰፈር ማሲንቆ መቺ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ከጥግ ጀመረ። የሙሽሪት እናት ተነሡ።

"ተቀበል!"

"እሺ እመቤቴ!"

"በሐረጎ ቁልቁል ልጄን ስሸኛት፣
ጉም አራሰኝ እንጂ መቼ አልቅሼላት።"

ጋሼ ተቀብሎ በአምባሰል ቅኝት መለሰላቸው። ድንኳኑ ተነሣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን በዓይኔ ቆጠርኩ (ሙዚቀኛ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ)፤ እኔ ሆቴል ውስጥ በሳምንት አገኝ ከነበረው ይበልጥ ነበር። ኦርጋኔ በእጄ ቢኖር ኖሮስ? "ተቀበል" ስባል ምን እመልስ ነበር?

በማግስቱ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በቀበሌ ኪነት ያደገ ሰው ነው። "ኦርጋን አልፈልግም፣ ክራር ይዘህ ና" አለኝ። ክራር ልጅ ሆኜ ነካክቼ ትቼዋለሁ። አምስት ወር ፈጀብኝ። ኦርጋን ላይ የባቲን ቅኝት በጣቶቼ አውቀዋለሁ፤ ክራር ላይ ግን መጀመሪያ በጆሮዬ መቃኘት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

ሥራው ሲጀመር ያልጠበቅኩት ነገር መንገዱ ሆነ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ገደማ፤ መሀል ላይ የሐረጎ ጉም አለ። ጉሙ ውስጥ የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ስቦ ይላላል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ስለዚህ ቀድመን እንደርሳለን። ጋሼ ቡና የሚፈላበት ከሰል ዘንድ ሄዶ ቆዳውን ከሩቅ ያሞቃል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ደጋኑን ዕጣን ያሻዋል፣ ከዚያ ነው የምንቃኘው። አንዴ ዘግይተን ደርሰን በላላ ቆዳ ጀመርን። ሙሽራው ራሱ ሳቀብን።

ትልቁ ጥፋታችን ግን እሱ አይደለም። አንድ መልስ ላይ የሙሽሪትን አጎት ስም ሰምተን ኖሮ ጋሼ "ተነሥ አንተ ጎበዝ" እያለ ያወድሰው ጀመር። ሰውዬው ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ድንኳኑ ጭጭ አለ፣ አንዲት ሴት እየጮኸች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት ወደ ሙሽሪት አክስት እደውላለሁ። ወደ እናት አይደለም፤ እናት ሥራ በዝቶባታል። የአያቶቹን ስም፣ አገራቸውን፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን እንዳረፈ ጠይቄ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩን ሰርቀው ቢወስዱብኝ ከክራሩ በላይ ይቆጨኛል።

ዲጄዎቹን መራገምም ተውኩ። አሁን ሁለቱ በፓኬጃቸው ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያስገቡናል፣ ማይክ ይሰጡናል። ገንዘቡን በተመለከተ፣ አንድ ደጋሽ ሳይከፍለን ሸኝቶ ስልኩን ካጠፋብን ወዲህ ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል አልንቀሳቀስም። ትራንስፖርት ለብቻ ነው። ሽልማቱን እኩል እንደምንካፈል ሥራ ከመጀመራችን በፊት እንነጋገራለን፣ ምክንያቱም ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ሁልጊዜ ጋሼ ነው። ሁዳዴና ረመዳን ሠርግ የለም፤ ያኔ ልጆችን ክራር አስተምራለሁ። አያጠግብም፣ ኪራይ ግን ይከፍላል።

ባለፈው ጥር ከበሮ መቺ አስፈለገን። አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የተሳፋሪ ተራ ይዞ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮምቦልቻ፣ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ አልኩት። መሪውን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ፤ ችክችካ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ቀብድ ተቀብለሃል?"