የወሎን ምንጮች በጆርናል ዋቢ ዝርዝር ውስጥ በአግባቡ ስለማስፈር

ለጆርናል የሚላክ ጥናታዊ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ዋቢዎችን የማስተካከሉ ሥራ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻው ሌሊት ይተዋል። ደሴ ተቀምጠው ስለ ወሎ ታሪክ፣ ባህልና ጤና የሚጽፉ ወጣት ተመራማሪዎችን ረቂቅ ባነበብኩ ቁጥር አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ክፍል ነው። የውጭ ጆርናሎች የሚከተሏቸው ሥርዓቶች የተዘረጉት የቤተሰብ ስም ላላቸው ጸሐፊዎች፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለታተሙ ጽሑፎችና በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ለሚገኙ መጻሕፍት ነው፤ ከእኛ ምንጮች ግን ብዙዎቹ በአንዱ ወይም በሁሉም ከዚህ ይለያሉ። ስለዚህ ለመመሪያው የማይገጥመውን ምንጭ እንዴት እንደምናሰፍረው ጽሑፉን ስንጀምር መወሰን አለብን እንጂ ኮምፒውተሩ እንዳመቸው እንዲወስንልን መፍቀድ የለብንም።

ከሁሉ የሚከብደው የስም ጉዳይ ነው። ታደሰ ታምራት ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቶች የጻፉት መጣጥፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ቅጽ 8 ቁጥር 1 ከገጽ 87 እስከ 117 ወጥቷል። ይህንን መጣጥፍ ከኢንተርኔት ቀድተን በኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር) የዋቢ አጻጻፍ ሥርዓት ብናስፍረው «ታምራት፣ ታ. (1970)» ሆኖ ይመጣል። ታምራት ግን የአባታቸው ስም ነው፤ ጽሑፉን የጻፉት ታደሰ ናቸው። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የቆየው ልማድ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊን በራሱ ስም ማስቀደምና የአባቱን ስም ሳያሳጥሩ ማስከተል ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ የተዘጋጀው መዝገበ ዕውቀት ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ጥምር ስም ሲሆን ጥፋቱ ይብሳል፤ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ብሎ መጻፍ አንዱን የአባት ስም ለሁለት ከፍሎ ትርጉሙን ማፍረስ ነው።

በወሎ ደግሞ ጉዳዩ ከክብር አልፎ የመለየት ጥያቄ ይሆናል። በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በቃሉ ሙሐመድ፣ አሊ፣ አሕመድና ሰይድ የሚባሉ አባቶች እጅግ ብዙ ናቸው። አንድ ተመራማሪ የጠቀሳቸው አሕመድ ሙሐመድ፣ አብዱ ሙሐመድና አደም ሙሐመድ የሚባሉ ሦስት ጸሐፊዎች ቢኖሩ፣ በእንግሊዝኛው ዝርዝር ሦስቱም በአባታቸው ስምና በአንድ ዓይነት የመጀመሪያ ፊደል ይወጣሉ፤ አንባቢው የማን ሥራ የቱ እንደሆነ ሊለይ አይችልም። የራስን ስም ማስቀደም ይህንን ችግር አብዛኛውን ያቃልለዋል። በሕይወት ያሉ ጸሐፊዎችም ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር አውጥተው በጽሑፋቸው ላይ ቢያኖሩ መልካም ነው።

ይህ አሠራር አንድ ገደብ አለው። የጤና ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት በቫንኩቨር ሥርዓት ጸሐፊው ራሱ በአባቱ ስም አስመዝግቦ ያሳተመው መጣጥፍ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ የሚገኘው በዚያው ቅርጽ ስለሆነ፣ እኛ ብናቃናው ፈላጊውን እናደናግረዋለን። የስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው፤ መጽሐፉ ላይ «መሐመድ» ተብሎ ከታተመ «ሙሐመድ» ብለን አናርመውም፣ ሀሌታው «ሀ» በሐመሩ «ሐ» ተተክቶ ቢገኝም እንደታተመው እንተወዋለን።

ዞቴሮ የተባለውን የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ማስተካከያው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የጸሐፊን ስም በሁለት ሳጥን ከፍሎ ይቀበላል፤ ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ግን ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፣ ሙሉ ስሙም ሳይገለበጥና ሳያጥር ይወጣል። ይህንን ምንጩን በምታስገቡበት ሰዓት አድርጉት፤ መቶ ዋቢ ከተከማቸ በኋላ ማረም አድካሚ ነው። በአማርኛ ለሚታተም ጽሑፍ ደግሞ «እና ሌሎች» በሚለው ምትክ የላቲኑ ምሕፃረ ቃል ገብቶ እንደሆነ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ዘመንን በተመለከተ የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ጥሩ ማሳያ ነው። በሰኔ 1965 ዓ.ም. የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤና እ.ኤ.አ. በሰኔ 1973 የወጣ የውጭ ዘገባ የአንድ ወቅት ሰነዶች ናቸው፤ ዓመቶቹ ያለ ማብራሪያ ጎን ለጎን ቢሰፍሩ ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸው ይመስላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ስለሆነ፣ ወሩ የታወቀን ሰነድ በትክክል መቀየር ይቻላል። ወሩ ያልታወቀ መጽሐፍ ሲሆን «1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973/74)» ብሎ ሁለቱንም ማስፈር ይሻላል። ከሽፋኑ ላይ የታተመውን ዓመት ሰርዞ የተቀየረውን ብቻ መጻፍን አልደግፍም፤ መጽሐፉን የሚፈልገው ሰው በመደርደሪያ ላይ የሚያገኘው የታተመውን ነውና።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጠቀስ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑንና የተቀመጠበትን መዝገብ አሟልቶ መስጠት ይገባል። በብራና ጽሑፍ ላይ ደግሞ የገዳሙን ስም ብቻ መጥቀስ ምንም አይፈይድም። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በማይክሮፊልም የተነሣው ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት) 1832 በሚል ቁጥር ሲሆን፣ ቅጂውን አሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይዞታል። ቁጥሩን፣ ቅጠሉን፣ የቅጠሉን ፊት ወይም ጀርባ፣ ዐምዱንም ጭምር የጻፈ ተመራማሪ የሌላ አገር አንባቢ እዚያው መስመር ላይ እንዲደርስ አድርጎታል።

የቃል ምንጮች ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ። በኤፒኤ ሥርዓት ጸሐፊው ራሱ ያደረገው ቃለ መጠይቅ አንባቢ ሊያገኘው ስለማይችል በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ በጽሑፉ መካከል ብቻ ይጠቀሳል። በታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን ግን የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ከነዕድሜያቸው፣ ከነመኖሪያቸውና ቃለ መጠይቁ ከተደረገበት ቀን ጋር ይሰጣል። ስለ መንዙማ ወይም ስለ አንድ መስጊድ አመሠራረት ሲነግሩን የዋሉ ሼህ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ሳይገኝ ሲቀር ዕውቀቱ ባለቤት ያጣል፣ ስለዚህ ጆርናሉ ኤፒኤን ቢጠይቅም ዝርዝሩን በአባሪ መልክ ለማስገባት አርታኢውን መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሼህ»፣ «መሪጌታ» እና «ሐጂ» የሚሉት ማዕረጎችም በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢቀሩ አንዱን ሰይድ ከሌላው ሰይድ ለመለየት ይረዳሉ። የመሬት ክርክርን ወይም በጦርነት የደረሰ ጉዳትን የተናገሩ ሰዎች ከሆኑ ግን ፈቃዳቸው ካልተገኘ ስማቸውን በምልክት መተካት ግዴታ ነው።

ረቂቁ ሲላክ ለአርታኢው በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ እንዲህ የሚል አጭር አንቀጽ ቢጨመር ብዙ ምልልስ ይቀንሳል፦ «የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ስም በራሳቸው ስም ቀዳሚነት ሳያጥር ሰፍሯል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተሙ ሥራዎች በሁለቱም ዘመን ተጽፈዋል፤ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር በአባሪው ይገኛል። በዕርማት ጊዜ ይህ ቅደም ተከተል እንዳይለወጥ እንጠይቃለን።» የመጨረሻው የኅትመት ቅጂ ለማረጋገጫ ሲመለስላችሁ ከሁሉ በፊት የዋቢ ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ ስሞቹ ተመልሰው የሚገለበጡት ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።