41ኛው «አይሆንም»

ትናንት ልብ ወለዴን ከላክሁላቸው ኤጀንቶች 41ኛው «አይሆንም» መጣ። አነበብኩትና ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። የመጀመሪያው የመጣ ጊዜ ሁለት ቀን ሰው አላነጋገርኩም ነበር።

ለአዲሶች ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ልብ ወለድ የሚቀበሉት በአብዛኛው በኤጀንት፣ ማለትም ጸሐፊውን ወክሎ መጽሐፉን ለአሳታሚ በሚሸጥ ሰው፣ በኩል ነው። እንደ አዲስ አበባ ብር ቋጥሮ ማተሚያ ቤት መሄድ የለም። ኤጀንቱ መጽሐፉ ሲሸጥ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ቀድሞ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ሽሹ። ኩዌሪ የሚባል የአንድ ገጽ ደብዳቤና ጥቂት የመጀመሪያ ገጾች ትልካላችሁ። ብዙዎቹ መልስም አይሰጡም።

ዝምታቸውን ለመድኩት። ያስቸገረኝ አስተያየታቸው ነው። አንዷ ሙሉውን ረቂቅ ጠይቃ፣ አራት ወር ይዛ፣ «ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልጅቷ፣ የመጽሐፌ ባለታሪክ፣ ደሴ ያደገች ናት፤ አባቷ ፊት ቆማ ይሄን እፈልጋለሁ ትበል? ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስለ ይሉኝታ የሚያስተምር ረጅም ኢሜይል ጻፍኩላት። ላክሁትም። እናንተ እንዳትልኩ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ኤጀንት «ልጅቷ ራቀችብኝ» አለ። አሁንም ፈረንጅ ምን ያውቃል አልኩ። ከዚያ የጎንደሯ ጓደኛዬ አነበበችው። «እኔም ምዕራፍ ሦስት ላይ ጠፋችብኝ» አለች። እሷን ይሉኝታ አታውቂም ማለት አልችልም። ገልጬ ሳየው ልጅቷ ለአባቷ ብቻ ሳይሆን ለአንባቢም ዝም ብላለች። አሁን አባቷ ስለ ጋብቻ ሲያወራ ያጠበችውን ስኒ ደግማ ታጥባለች። ይህቺን አንዲት አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ዘዴዬ ተራ ደብተር ነው። አስተያየቱን በግራ ገጽ ቃል በቃል እገለብጣለሁ፤ ቀኙን ለሰባት ቀን ባዶ እተወዋለሁ። ሦስት ሰው ያላለውን አልነካም። እንዲህ እያልኩ ግን አንድ ሰው «ስሟ ይከብዳል» ስላለኝ በአንድ ሌሊት ሳራ አደረግኋት። ወር ቆይቼ መለስኩት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

በአንዴ መቶ ኤጀንት ጋ የሚበትኑ ሰዎች አይገቡኝም። አንድ ኤጀንት እምቢ ያለውን መጽሐፍ ደግሞ የማየቱ ዕድል ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ችግር ካለበት ሁሉንም በአንድ ቀን አቃጠላችሁ ማለት ነው። አምስት አምስት እያደረጋችሁ ላኩ።

እኔም ምዕራፍ ሦስትን ሳልጨርስ አዲስ አልልክም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ላክሁ።