ቴምብር ለሻለቃ አዳምስ

ሰሞኑን ከሀሳቤ አልወጣ ያለችው ሴት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረችው ቻሪቲ አዳምስ ናት። ሐውልቱም ሜዳልያውም ይገባታል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚመጥናት ቴምብር ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እሷ ጦር ሜዳ የዘመተችው ለደብዳቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1945 መጀመሪያ ላይ አውሮፓ ላሉት የአሜሪካ ወታደሮች ከቤት የተላከው ፖስታ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ነበር። ማሞቂያ የለም፣ መብራት ወደ ውጭ እንዳይታይ መስኮቱ ሁሉ ተጋርዷል፣ እናቶች ለልጆቻቸው የላኩትን ኬክ አይጥ ይበላዋል። እዛ ውስጥ ገብተው ስራውን የያዙት 855 የ6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ሴቶች ናቸው፣ ጥቁሮች ናቸው፣ አዛዣቸው ሻለቃ አዳምስ ደግሞ ገና 26 ዓመቷ ነው። ከጦሩ በፊት የሂሳብ አስተማሪ ነበረች፣ ለሴቶች በተቋቋመው የጦር ክፍል መኮንን ሆና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊትም እሷ ናት።

ስራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ወታደር ብቻ 7,500 ገደማ አለ፣ አንዱን ካንዱ የሚለዩት በመለያ ቁጥሩ ነው፣ ለዚህ ብለው ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ካርድ ይዘዋል። አንዳንዱ ፖስታ ላይማ «ጁኒየር፣ የአሜሪካ ጦር» ከሚል ሌላ ምንም የለም፣ እሱንም ፈልጉ ነው። የሞተ ወታደር ደብዳቤ ደግሞ ወደ ላኪው ይመለሳል። በሶስት ፈረቃ ቀን ከሌት ሰርተው፣ በአንድ ፈረቃ 65,000 ያህል እያወጡ፣ ስድስት ወር ይፈጃል የተባለውን በሶስት ወር ጨረሱት።

እኔ ልጅ ሆኜ አክስቴ ከውጭ የምትልከው ደብዳቤ ሲዘገይ እናቴ ምን እንደምትሆን አይቻለሁ፣ የፖስታ ሳጥኑን ከፍተን ባዶ ከሆነ ቤት እስክንገባ አታወራም። ለዛ ነው ይሄ ታሪክ ሆዴ የገባው፣ እዛ ማዶ ጦርነት ያለበት ልጅ ሲሆን ደግሞ አስቡት።

አንድ ጄኔራል ሊጎበኝ መጥቶ ሁሉም ለምን አልተሰለፉም ብሎ ተቆጣ። ገሚሶቹ ስራ ላይ ናቸው፣ ገሚሶቹ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ተኝተዋል ብላ ብታስረዳው፣ እንዴት እንደሚመራ የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልክልሻለሁ አላት። እሷም በሴቶቹ ፊት፣ «ጌታዬ፣ እኔ ሳልሞት አይሆንም» ብላ መለሰች። በጦር ፍርድ ቤት ሊከሳት ተነሳ፣ እሷም በዘረኛ ንግግሩ የራሷን ክስ አዘጋጀች፣ በኋላ እሱው ተወው። ይቺን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል፣ በዛ ዘመን፣ በዛ ዩኒፎርም፣ ጥቁር ሴት ሆና!

ጦርነቱ ሲያልቅ ሌተና ኮሎኔል ሆነች፣ ግን ሴቶቹ ሲመለሱ ሰልፍም አቀባበልም አልነበረም። የኮንግረስ የወርቅ ሜዳልያ የተፈቀደላቸው 2022 ላይ ነው፣ እሷ ካረፈች 20 ዓመት አልፎ። 2023 ላይ ቨርጂኒያ ያለው ፎርት ሊ የጦር ሰፈር በሷና በጄኔራል ግሬግ ስም ተሰየመ፣ ደስ አለን፣ 2025 ላይ መልሰው ፎርት ሊ አሉት። ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ። የበር ላይ ስም ባለስልጣን በተቀየረ ቁጥር ይነሳል፣ ቴምብር ግን አንዴ ታትሞ ከወጣ በየሰዉ ቤት ይገባል፣ ማን ዞሮ ይሰበስበዋል?

ምስሏን እንደዛው በዩኒፎርሟ ማየት እፈልጋለሁ፣ ከኋላዋ የፖስታ ክምር ቢኖር። ደግሞ ከበርሚንግሃም ቀጥሎ በተላኩባት ሩዋን፣ ፈረንሳይ፣ በመኪና አደጋ የሞቱባት ሶስት ሴቶች አሉ፣ ሜሪ ባርሎው፣ ሜሪ ባንክስተንና ዶሎሬስ ብራውን። ጦሩ ለቀብር ገንዘብ አልሰጠም፣ ጓደኞቻቸው ናቸው አዋጥተው የቀበሯቸው፣ ኖርማንዲ አርፈዋል። ቴምብሮቹ የሚታተሙበት ወረቀት ዳር ላይ ለጽሑፍ የሚሆን ቦታ አለ አይደል፣ የነሱ ስም እዛ ይግባ።