ከሚኪ ማውስ ወደ አባ ኮዳ፦ የመዋዕለ ሕፃናታችንን ደብተር እንደገና የሠራሁበት ክረምት

ስልኩ የተደወለልኝ በነሐሴ አጋማሽ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ ነበር። ደዋዩ ወጣት ነው፤ ድምፁ ትሁት ነው። «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደብተራችሁ ላይ ያለችው ፍየል የእኔ ናት» አለኝ። መጀመሪያ ፍየል የጠፋበት ሰው ተሳስቶ የደወለ መሰለኝ።

ሠዓሊ ነው። የእህቱ ልጅ እኛ ዘንድ ትማራለች። ልጅቷ የመልመጃ ደብተሯን ይዛ ቤት ስትገባ፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈውን ፍየል አየና ወዲያው ለያት፤ ለራሱ የተረት መጽሐፍ የሣላት ናት። እኔ ያገኘኋት በቴሌግራም ስትዘዋወር ነው። ማን እንደሣላት አልጠየቅሁም። ይባስ ብዬ ራሷ ላይ ባርኔጣ ደፍቼባታለሁ፤ ልጆቹ ይስቃሉ ብዬ። ኋላ እንደገባኝ፣ ከመሰረቁ ይልቅ ያንገበገበው ባርኔጣው ነው።

«ለልጆቹ በነፃ ነው የሰጣችሁት ወይስ ተሽጧል?» ሲል ጠየቀኝ። 140 ቅጂ፣ እያንዳንዱ 180 ብር። መልሱ ከአፌ ቶሎ አልወጣም።

በሐዋሳ ለ9 ዓመታት ሕፃናት አስተምሬያለሁ። «ለትምህርት እስከሆነ ድረስ ማንም አይከለክልም» የሚለውን አባባል ከቀደሙን መምህራን ተረክቤ ለአዳዲሶቹ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በዚያ ምሽት ግን ባለ 64 ገጹን ደብተር ዘርግቼ፣ የሌላ ሰው ሥራ ባለበት ገጽ ሁሉ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረግሁ። ያለ ቀይ የቀሩት 11 ገጾች ናቸው። ሃያ የሚሆኑት አገር ውጭ ከታተመ አንድ የመልመጃ መጽሐፍ የመጡ ናቸው። የአሳታሚው ስም ያለበትን ግርጌ በነጭ ወረቀት ሸፍኜ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ ያ ነጭ ወረቀት ይመሰክርብኛል።

ከዚያ አዋጁን ፈልጌ አነበብኩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተሙ፣ አንዱ ሲከብደኝ ወደ ሌላው እየዘለልኩ በሦስት ምሽት ጨረስኩት። ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ሆኖም ለእኛ ሥራ የሚሆነው ክፍል እንደፈራሁት የተወሳሰበ አልነበረም።

አንደኛ፣ ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ኦሪጅናል ሆኖ ሲሠራና በአንድ ነገር ላይ ሲሰፍር ነው። ባለቤቱ ይመዝገብ አይመዝገብ፣ ምልክት ያድርግ አያድርግ ለውጥ የለውም። «ምንም ምልክት ስለሌለባት ወሰድኳት» የሚለው የፍየሏ ምክንያቴ እዚያው ላይ ወደቀ። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለፎቶግራፍ ግን 25 ዓመት ነው። ከገንዘብ መብቱ ሌላ የሞራል መብት የሚባል አለ፤ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅና ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይለወጥበት የመቃወም መብት ነው። የፍየሏ ባርኔጣ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አንቀጽ 11። ለማስተማር ሲባል የታተመን ሥራ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም፤ ነገር ግን ከተገቢው አሠራር ካላለፈና ለዓላማው ከሚያስፈልገው መጠን ካልበለጠ ነው። የሥራው ምንጭና የደራሲው ስምም በተቻለ መጠን መጠቀስ አለበት። ይህን አንቀጽ ያነበብኩት በደስታ ነበር፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ገጽ አባዝቶ ለክፍሌ ልጆች ስለ ፍየል ማስተማር አንድ ነገር ነው። ሃያ ገጽ ገልብጦ፣ ስም ሸፍኖ፣ ጠርዞ ለወላጅ መሸጥ ሌላ ነው። ለግል አገልግሎት ማባዛትን የሚፈቅደው አንቀጽ 9 ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶባቸው የሚያልቁ የመልመጃ መጻሕፍትን ለይቶ ያወጣቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነጥብ እያያያዙ የሚጻፍበት መጽሐፍ ገበያው ያው እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መግዛቱ ነው። እኛ ያንን ገበያ በ180 ብር ወስደንበታል።

ባልደረቦቼ በቪዲዮ የሰሙትን «ፌር ዩዝ» ይዘው መጡ፤ የሌላን ሰው ሥራ በተገቢው መንገድ ከሆነ ያለ ፈቃድም መጠቀም ይቻላል የሚለውን። የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው የቅጂ መብት ሕጋቸው አንቀጽ 107 ላይ ሰፍሯል። አራት ነገሮች ይመዘናሉ፦ ለምን ዓላማ እንደዋለ፣ ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንደተወሰደ፣ የባለቤቱ ገበያ ምን እንደሚሆን። የእኛ አዋጅ ግን የግል አገልግሎትን፣ ጥቅስን፣ ማስተማርን፣ ቤተ መጻሕፍትን እያንዳንዱን በየአንቀጹ ያስቀምጣል። «10 በመቶ ይፈቀዳል» ወይም «30 ሰከንድ ሙዚቃ ችግር የለውም» የሚባለው ወሬ እዚህም እዚያም በሕግ አልተጻፈም። ቢሆንም አራተኛውን የአሜሪካ ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ዛሬም ፎቶ ኮፒ ማሽን ፊት ስቆም የማስበው ስለዚያ የሽያጭ ገበያ ነው።

የትምህርት ቤታችን ባለቤት «እትዬ» የምንላት ትልቅ ሴት ናት። ሁሉንም ዘርዝሬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ የሌላ ሰው ማሳ ላይ አርሰን ኖሯል። ምን ይሻላል?» አለች። ያልተሸጡትን 30 ደብተሮች ከገበያ አወጣን። ሠዓሊው ካሳ አልጠየቀም፤ አዲሱን ደብተር እሱ እንዲሥለው፣ ስሙም ከሽፋኑ ጀርባ እንዲታተም ብቻ ጠየቀ።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት አንድ ገጽ ውል ጻፍን። በዚህ ላይ አዋጁ አስገርሞኛል። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ይህም ማለት ዝም ብንል ሥዕሎቹ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ይሆናሉ፤ እኔ የምጽፈውም እንዲሁ። እትዬ ይህንን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን አላልኩም። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ለራሱ ተማሪዎች ያለ ገደብ እንዲያትመው፣ ሠዓሊው ሥዕሎቹን ሌላ ቦታ እንዲጠቀምባቸው፣ ከግቢያችን ውጭ ከተሸጠ ሦስታችንም እንድንካፈል ተስማማን። አንዲት የግል ትምህርት ቤት መምህርት እንዲህ ያለ ወረቀት ካልያዘች፣ ቅዳሜና እሑድ አምሽታ ያዘጋጀችው ጽሑፍ ስትለቅ አብሯት እንደማይሄድ ልታውቅ ይገባል።

ፊደሉ ላይ ስንደርስ ሥራው ጣፈጠኝ። ሀሁ የማንም አይደለም። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ከአንድ ሥዕል ጋር ማጣመርም የማንም ሊሆን አይችልም። ታዲያ ለምንድን ነው የቀድሞው ደብተራችን የበረዶ ሰውና እንጆሪ የሞላበት? ስለገለበጥን ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደን ግማሽ ቀን ተቀምጠን ቃል ለቀምን። «አ» አባ ኮዳ ሆነ፤ ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ተኮፍሶ ቆሞ ትርፍራፊ የሚጠብቀው ትልቁ ወፍ። «ታ» ታንኳ፣ «ጉ» ጉሬዛ፣ «ቆ» ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ፣ «እ» እንሰት። ልጆቹ ገጹን ሲገልጡ የበረዶውን ሰው እንዳዩበት ጊዜ ዓይናቸው አልፈዘዘም፤ «እኛ ሰፈር አለ!» ብለው ጮኹ። በጭንቅ የገባንበት ነገር ለትምህርቱ ይበልጥ የሚበጅ ሆኖ ተገኘ።

ለተረት ክፍሉ የልጆቹን አያቶች ጋበዝን። ከአፍ ወደ አፍ የመጣ፣ ደራሲው የማይታወቅ ተረትና እንቆቅልሽ ክፍት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሰብስቦ፣ በራሱ አማርኛ አሳምሮ፣ መርጦና አደራጅቶ ያሳተመው መጽሐፍ የእሱ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶች ሰማን። አንዲት እናት በሲዳምኛ የነገሩንን የጅብ ተረት ባልደረባዬ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ከሥሩም ከማን እንደሰማነው ጻፍን።

የጎደለንን ከአፍሪካን ስቶሪቡክ ወሰድን። በደቡብ አፍሪካው ድርጅት በሳይዴ የተጀመረ፣ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተረቶችን በክፍት ፈቃድ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ነው። እዚህ ላይ የክሪኤቲቭ ኮመንስን ምልክቶች፣ ማለትም ባለቤቱ ሥራውን በምን ሁኔታ እንደፈቀደ የሚያሳዩትን፣ መለየት ግድ ነው። «ቢ ዋይ» ብቻ ያለው ስም ጠቅሰህ ተጠቀም ይላል፤ «ኤን ዲ» ከተጨመረ መተርጎምም መለወጥም አይቻልም፤ «ኤን ሲ» ካለ ለንግድ አይሁን ማለት ነው። «የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ነው የምንቀበለው» ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ስልክ ስለተደወለብኝ ክርክሩን አልፈለግሁም፤ «ኤን ሲ» ያለበትን ሁሉ ተውኩት።

ዘፈን ላይ ባጭሩ ልለፈው። የምረቃ ቪዲዮአችን የታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን ስላለበት ድምፁ ተዘግቶብን ነበር፤ አሁን ልጆቹ ራሳቸው ይዘምራሉ። ዓርብ ዓርብ የምንዘምረው የእንግሊዝኛው የልደት መዝሙር ግን ነፃ ነው። ዜማውን በ1893 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት በአሜሪካ ኬንታኪ የነበሩ ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ አንደኛዋ እንደ እኔ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። መብቱን ይዣለሁ ያለ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ክፍያ ሲሰበስብበት ቆይቶ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ተረታ፤ ከዚያም 14 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ለሕፃናት የተሠራ ዜማ ያን ያህል ዘመን ሲታለብ መኖሩ አሁንም ያናድደኛል። የባለመብት ነኝ ባይ ሁሉ እውነተኛ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ተማርኩ።

የቀረው ግድግዳው ነበር። በሐዋሳ ሚኪ ማውስ ያልተሣለበት መዋዕለ ሕፃናት ማግኘት ይከብዳል። በ1989 እ.ኤ.አ. የሚኪ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ዲዝኒ በፍሎሪዳ የሚገኙ ሦስት የሕፃናት መዋያዎችን ከግድግዳቸው ገጸ ባሕርያቱን እንዲያጠፉ አዝዟል፤ ዩኒቨርሳል የተባለው ተፎካካሪው ፈጥኖ በሌሎች ገጸ ባሕርያት ተካላቸው። «ሚኪ አሁን ነፃ ወጥቷል» ያለኝ ባልደረባዬ ግማሽ እውነት አለው። በአሜሪካ በጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ የቅጂ መብቱ ያበቃው የ1928ቱ ጥቁርና ነጭ ሚኪ ነው፤ ጓንት እንኳን የለውም። የእኛው ቀይ ቁምጣ የታጠቀና ነጭ ጓንት ያጠለቀ ነበር። የንግድ ምልክት መብትም ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሐዋሳ እስከ ካሊፎርኒያ ማንም አይመጣብንም፤ አውቃለሁ። ሆኖም ለፍየሏ ባለቤት ይቅርታ ጠይቄ ስመለስ ግድግዳው ዓይኔን ወጋኝ። በመስከረም መጀመሪያ በቢጫ ቀለም ቀባነው፤ ሠዓሊውም በላዩ ላይ ታንኳ ጫፍ የቆመ አባ ኮዳ ሣለልን። ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስታበራ ከአባ ኮዳው ራስ በላይ ሁለት ክብ ጥቁር ጆሮዎች ይታያሉ። ሁለተኛውን ቅብ ለቀጣዩ ክረምት አቆይተነዋል።